በጥሩነሽ ላይ የፈረድኩት ፍርድ

ሐሙስ፣ ኅዳር ፰ ቀን ፲፱፻፶፱ ዓ.ም.፣ አርብ ገበያ

ወዳጄ አስናቀ ዛሬ ከደብረ ታቦር ሐኪም ዘንድ ተመለሰ። የደም ነቀርሳ ነው ተባለ። ክንዱ ማንም ሳይነካው መበለዙ ከዚያው የመጣ ኖሯል።

እኔ ግን በመስከረሙ ማኅበር ያንን ብልዝ አይቼ ሸንጎ ተቀመጥኩ። ካባ የሌለኝ ዳኛ ሆኜ፣ ጉሮሮዬን ጠርጌ፣ «ወይዘሮ ጥሩነሽ ባላቸውን እንደ ገብስ ስለ ወቁ አንድ ጋን ጠላ ይካሱ!» ብዬ ፈረድኩባት። ቄሱ ሳይቀሩ በሳቅ ፈነዱ። ከዚያ ወዲህ አስናቀ በጠራራ ፀሐይ እንኳ ጋቢውን አላወለቀም። እግሩ ላይ ቀያይ ነጠብጣብ ሲወጣ፣ ድዱ ሲደማ፣ ለማንም ትንፍሽ አላለም። ሐኪሙም «ምነው ቀደም ብለህ በመጣህ» አሉት አሉ።

ልጠይቀው ብሄድ ጥሩነሽ በርጩማ ሰጥታኝ፣ ፊቷን አዙራ ወጣች። እሱ ግን አልወቀሰኝም።

«ስማ፣ አንተ ለፍላፊ፤ ነገ ገበያ ላይ አልመታችውም ብለህ ንገርልኝ። ስሞት ገደለችው እንዳይሏት።»

እሺ አልኩት። ገበያው ግን እኔ ገና አፌን ስከፍት መሳቅ ለምዷል። ምን ብዬ ልጀምረው…