ከመስኮቴ በአርባ እርምጃ ላይ ስለሚነደው ቆሻሻና ስለ አንድ ጥንድ ሳንባ

ቀን፦ የካቲት 2 ቀን 2018 ዓ.ም.

ለወንዝ ዳር ሰፈሮች ጽዳትና ውበት ማስተባበሪያ ጽሕፈት ቤት
ለክቡር ኃላፊው አቶ ሰይፈ ሚካኤል
ድሬዳዋ

ጉዳዩ፦ በጽሕፈት ቤታችሁ ትእዛዝ ከመኝታ ቤቴ መስኮት ሥር የሚነደው ቆሻሻ በአስቸኳይ እንዲቆምና በባለቤቴ ላይ የተጻፈው ማስጠንቀቂያ እንዲነሳ ስለመጠየቅ (ሦስተኛ አቤቱታ)

ከሁሉ አስቀድሞ፣ ዓርብ ጥር 29 ቀን 2018 ዓ.ም. ከጠዋቱ ሁለት ሰዓት ከሃያ ላይ፣ በግቢዬ ገመድ ላይ በሰላም በመድረቅ ላይ የነበረ አንድ ነጭ ጀለቢያ በድንገት በደረሰበት ጢስ ነጭነቱን ማጣቱን ለክቡርነትዎ በጥልቅ ኀዘን አሳውቃለሁ። ሟቹ የሦስት ዓመት ዕድሜ የነበረው ሲሆን፣ አንገትጌው ላይ ካለች ትንሽ የሻይ ጠብታ በቀር በኑሮው ነውር አልተገኘበትም። ባለቤቴ ወይዘሮ ሃሊሞ ሁለት ጊዜ ብታጥበውም ግራጫ ሆኖ ቀርቷል። ይህን ያስቀደምኩት፣ ጽሕፈት ቤታችሁ ስለ ሳንባ ሁለት ጊዜ ተጽፎለት ስላልሰማ፣ ስለ ልብስ ምናልባት ይሰማ እንደሆነ ብዬ ነው።

አንድ ይቅርታም አስቀድማለሁ። እኛ የድሬ ሰዎች ጎረቤቱንም ሹሙንም «አንተ» እያልን ነው ያደግነው። ቢሮ ስለሆነ «እርስዎ» እያልኩ እቀጥላለሁ፤ ተናድጃለሁና ከታች አምልጦኝ «አንተ» ካልኩ፣ እንደ ድፍረት ሳይሆን እንደ ዝምድና ይያዝልኝ።

1. ነጅሙዲን ጦልሃ እባላለሁ። በቀፊራ ገበያ ሃያ ሁለት ዓመት በርበሬና ቅመም ሳስፈጭና ስሸጥ የኖርኩ ነጋዴ ነኝ። የወፍጮው ብናኝ ይሁን ሌላ ነገር ሐኪሞቹ ለይተው ባያውቁትም፣ ሳንባዬ በጠባሳ ተሞልቶ ሁለት ዓመት ከኦክስጅን ሲሊንደር ጋር ኖሬያለሁ። ከአልጋዬ እስከ ሽንት ቤት አሥራ አንድ እርምጃ ነው፤ መንገድ ላይ ሁለት ጊዜ አርፍ ነበር። በመስከረም 2017 ዓ.ም. ሕንድ አገር፣ ቼናይ ከተማ፣ ሁለቱም ሳንባዎቼ ወጥተው የሌላ ሰው ሳንባ ገባልኝ። የሰውየውን ስም አልነገሩኝም። ከአንዲት ነርስ ያገኘሁት፣ በሞተር ሳይክል አደጋ የሞተ የሃያ ስድስት ዓመት ልጅ መሆኑንና እናቱ መፈረሟን ብቻ ነው።

2. ሰውነቴ ሳንባውን ባዕድ ነው ብሎ እንዳያባርረው፣ ከጠዋቱ ሁለት ሰዓትና ከምሽቱ ሁለት ሰዓት፣ ደቂቃ ሳላዛንፍ መድኃኒት እውጣለሁ። መድኃኒቱ የሰውነቴን ዘበኛ ስለሚያስተኛው፣ ለሌላው ሰው ሦስት ቀን ማስነጠስ የሆነው ጉንፋን ለእኔ አምቡላንስ ነው። መጨበጥ፣ መሳም፣ ሠርግ፣ ለቅሶ፣ የጁምዓ ሶላት ቀርቶብኛል። ረመዳን ሳምንት ቢጤ ቀርቶታል፤ መጾምም ተከልክያለሁ። ጓደኞቼ ጎረቤት ቤት በርጫ ላይ ተሰብስበው ጫት በሚቅሙበት ሰዓት እኔ በሐኪም ትእዛዝ ግቢዬን ሃያ ዙር እዞራለሁ፤ እነሱም በመስኮት ብቅ ብለው «አቦ ነጅሙ፣ ሕንዶቹ ሳንባ ሲቀይሩልህ ሞተርም ገጠሙልህ እንዴ?» ይሉኛል። ዘመድ ሊጠይቀኝ ሲመጣ ከኤረር ግሬፕፍሩት በፌስታል ያመጣል፤ ከመድኃኒቴ ጋር ስለማይስማማ ለጎረቤት ፍየል ይሰጣል። ፍየሏ ደኅና ናት።

ሱቁን አሁን የያዘችው ሃሊሞ ናት። ከገበያ ስትመለስ በርበሬ ልብሷ ላይ ስላለ፣ በር ላይ ልብሷን ሳትቀይርና ጸጉሯን ሳትታጠብ አጠገቤ አትደርስም። ቤታችን ውስጥ መጀመሪያ ሳሙና ነው፣ ሰላምታ የሚመጣው ከዚያ በኋላ ነው። ይህን ሁሉ ተቀብዬ እየኖርኩ ነው፤ አቤቱታም የለኝም። የምናደደው፣ እኛ ቤት እንዲህ ስንጠነቀቅ ሌላ ሰው ከመስኮታችን ሥር ክብሪት ሲጭር ነው።

3. በየጠዋቱ ከመዳፌ የማትበልጥ መለኪያ ውስጥ በሙሉ ትንፋሼ እነፋለሁ። እሷም በዕድሜና በቁመት ከሚመስለኝ ጤነኛ ሰው ጋር አወዳድራ፣ ሳንባዬ ከመቶ ስንት እንደሚሠራ ትነግረኛለች። በመጋቢት 2017 ዓ.ም. ከሕንድ ስመለስ ሰማንያ አራት ነበር። ስምንት ወር ሙሉ ከዚያ አልወረደም። በኅዳር ወር ጽሕፈት ቤታችሁ የሰፈሩን ቆሻሻ ማጠራቀሚያ ከቤቴ ጀርባ፣ ደቻቱ ወንዝ ዳር አደረገው። ቆሻሻውን መኪና በሳምንት ሁለት ቀን እንዲያነሳው ታስቦ ነበር፤ መኪናው አልመጣ ሲል እሳቱ እንዲመጣ ተወሰነ። ማክሰኞና ዓርብ ጠዋት ይለኮሳል። ዛሬ መለኪያዋ ስልሳ አንድ በመቶ ላይ ናት። ቼናይ ያለው ሐኪሜ የጻፈውን አያይዣለሁ። በአጭሩ እንዲህ ይላል፦ ጢሱ ካልቆመ ሰውነቴ ሳንባውን ቀስ በቀስ መግፋት ይጀምራል፤ የወረደው አይመለስም፤ ልኬቱ ከሃምሳ ከወረደ ወደ ሲሊንደሩ እመለሳለሁ፤ ሁለተኛ ሳንባ ደግሞ የለም።

እሳቱን የምትለኩሰው ቢሻሮ የምትባል የጽዳት ሠራተኛችሁ ናት። በእሷ ላይ አቤቱታ የለኝም። እንዲያውም ከጽሕፈት ቤታችሁ ሁሉ ማስጠንቀቂያ በሰዓቱ የምታደርሰኝ እሷ ብቻ ናት። ከመለኮሷ በፊት አጥሬን በመጥረጊያ እንጨት መትታ «ዋርያ ነጅሙ! መስኮትህን ዝጋ፣ የመንግሥት ጢስ መጣልህ!» ትለኛለች። ለምን አትተይውም ብላት፣ «እኔ ብተወው እኔን አባረው ሌላ ያመጣሉ፤ እሱ ደግሞ አያንኳኳልህም» አለችኝ። መስኮቴን ዘጋሁ።

4. ኅዳር 24 ቀን የመጀመሪያውን አቤቱታ አስገባሁ። ታኅሣሥ 3 ቀን የደረሰኝን መልስ ቃል በቃል እጠቅሳለሁ፦ «ጢሱ ወደ አመልካች ቤት የሚያመራው በነፋስ ምክንያት መሆኑ ተረጋግጧል። ነፋስ ደግሞ ተጠሪነቱ ለጽሕፈት ቤታችን ባለመሆኑ አቤቱታውን ለመቀበል ተቸግረናል። አመልካች ንጹሕ አየር ወደሚገኝበት ቢዮ አዋሌ ለጊዜው ቢዛወሩ መልካም ነው።» ክቡርነትዎ፣ ቢዮ አዋሌ መልካም የገጠር አገር ነው። እዚያ ሆኜ ትኩሳት ቢይዘኝ ወደ ሆስፒታል የሚያደርሰኝን መኪና ግን ደብዳቤው ዘንግቶታል። ነፋሱም ተጠሪነቱ ለማን እንደሆነ ቢጠቁሙኝ ግልባጭ አደርግለት ነበር።

5. ታኅሣሥ 10 ቀን ሁለተኛውን አስገባሁ። ታኅሣሥ 21 ቀን ሰባት አባላት ያሉት ኮሚቴ «ሳንባውን በአካል ለመመልከት» ቤቴ መጣ። በር ላይ የአፍና አፍንጫ መሸፈኛ አቀረብንላቸው፤ ከሰባቱ ሁለቱ አደረጉ፣ ከሁለቱም አንደኛው አገጩ ላይ። ሰብሳቢዋ ወይዘሮ እፀገነት ከላይ እስከ ታች አዩኝና «ውይ! እንዴት አምሮብዎታል! ጉንጭዎ ሞልቶ የለም እንዴ!» አሉ። ጉንጬን የሞላው ፕሬድኒሶሎን የሚባል መድኃኒት ነው፤ ፊትን እርሾ እንደበዛበት ሊጥ ያስነሳል። ይህንኑ አስረዳሁ። «ቢሆንም ያምራል» አሉኝ። ቀጥለው ሳንባው የሕንድ ነው ወይ ብለው ጠየቁ። አዎ ስላቸው አንዱ አባል «የውጭ ዕቃማ አይበገርም፤ በጢስ የሚበላሸው የኛው ነው» ብሎ አጽናናኝ። ይኸው አባል ይህን ሲናገር በመሀል በመሀል ያስል ነበር።

በስድስተኛው ቀን ትኩሳት ያዘኝ። ዘጠኝ ቀን ሆስፒታል ተኛሁ። እዚያው እጄ ላይ መርፌ ተሰክቶ ሳለ የኮሚቴው ቃለ ጉባኤ ደረሰኝ፦ «አመልካችን ወፍረው፣ ቀልተውና እየሳቁ ስላገኘናቸው፣ አየሩ እንደተስማማቸው ተረድተናል።» የሳቅሁት እንግዳ ስለሆኑ ነው። አርባ ስምንት ኪሎ ሆኜ ሲሊንደር ስጎትት ሰው ሁሉ መንገድ ይለቅልኝ ነበር። ጉንጭ ካወጣሁ ወዲህ ግን ማንም በሽተኛ ነው ብሎ አያምነኝም። በእኛ ሰፈር የወፈረ ሰው አይታመምም፤ ቢታመምም ጠግቦ ነው።

6. ጽሕፈት ቤታችሁ ከዚህ በኋላ ዝም አለ ብል ግን ውሸት ይሆንብኛል። ቅዳሜ ጥር 23 ቀን «ለሳንባችን እንጽዳ» የሚል የጽዳት ዘመቻ በሰፈራችን አወጀ። ባነር ተሠራ፤ ባነሩ ላይ ያለሁት እኔ ነኝ። ፎቶው ከሠርጌ ቀን የተቆረጠ ነው፤ የሃሊሞ ትከሻ በግራ በኩል ይታያል። ማን እንደሰጣችሁ አላውቅም። ከጠዋቱ አንድ ሰዓት ጀምሮ አራት መንደር ተጠረገ፤ የተጠረገውም ከነአቧራው በአንድ ቦታ ተከመረ። ቦታው የት እንደሆነ መናገር አያስፈልገኝም። ፌስታሉ፣ የተቀደደው ጀሪካን፣ የባጃጅ ጎማው ሳይቀር እዚያ ነበር። ሦስት ሰዓት ላይ፣ የዕለቱ የክብር እንግዳ ሆኜ ክብሪቱን እንድጭር ስሜ በድምፅ ማጉያ ተጠራ። የራስዎ ድምፅ ነበር፣ ክቡርነትዎ፦ «አቶ ነጅሙዲን ከአዲሱ ሳንባቸው ጋር ይውጡልን! እሳቱን ያስጀምሩልን!» ሕዝቡ አጨበጨበ። «ውጣ እንጂ አቦ፣ ምን ይኮራል!» ያለም ነበር፤ ማን እንደሆነ አውቀዋለሁ፣ ጤና ይስጠው።

እኔ በዚያ ሰዓት የውስጠኛውን ክፍል በር ሥር በእርጥብ ፎጣ ወትፌ፣ ሁለት መሸፈኛ ደርቤ ተቀምጬ ነበር። አልወጣሁም። ያለ እኔ ተለኮሰ።

7. ባለቤቴ ግን ወጣች። ውሃ በሳምንት ሁለት ቀን በምትመጣበት ሰፈር፣ ለቤት ያጠራቀመችውን ሁለት ባልዲ ይዛ ወጣች። አንዱን እሳቱ ላይ፣ ሌላውን ወደ ድምፅ ማጉያው አቅጣጫ ደፋችው። «እናንተ እኮ ሰውን እያጨበጨባችሁ ነው የምትገድሉት!» ማለቷንም አልክድም። የክቡርነትዎ ጫማ መርጠቡን ሰምቻለሁ፤ ጫማው እንደደረቀ ተስፋ አደርጋለሁ። ረቡዕ ጥር 27 ቀን «የመንግሥትን ዘመቻ በውሃ በማደናቀፍ» የሚል ማስጠንቀቂያ ደረሳት፤ በአሥር ቀን ውስጥ በጽሑፍ ይቅርታ ካልጠየቀች ለሕግ እንደምትቀርብ ይገልጻል።

አትጠይቅም። እኔም ጠይቂ አልላትም፤ ብላትም አትሰማኝም። ይህች ሴት ቼናይ ሆስፒታል ኮሪደር ላይ አሥራ አራት ቀን ወለል ላይ የተኛች ናት። ቱቦው ከጉሮሮዬ ወጥቶ በራሴ የተነፈስኩ ዕለት ጆሮዋን ደረቴ ላይ አድርጋ ብዙ ቆየች። ምን ትሰሚያለሽ ብዬ በእጄ ምልክት ስጠይቃት «ዝም በል፣ ልጁን እየሰማሁት ነው» አለችኝ።

8. አቦ ሰይፈ! ሰው እኮ ሞቶ ነው ይህ የተገኘው! እናት ልጇ ሳይቀበር ወረቀት ተዘርግቶላት፣ እያለቀሰች ፈርማ ነው! አንተ የፌስታልና የጎማ ጢስ እንድትግተው ነው ሳንባውን የሰጠችን? አንተስ ልጅ የለህም? ሰው ሕንድ ድረስ ሄዶ ያመጣውን ትንፋሽ፣ አንድ መኪና በሰዓቱ መላክ አቅቶህ ታስጨርሰዋለህ?

ክቡርነትዎ፣ ከላይ ያስጠነቀቅሁት ይህ ነበር። ዝምድናው ይያዝልኝ። የጻፍኩትን ግን አልሰርዝም።

9. ስለዚህ የምጠይቀው የሚከተለውን ነው፦

ሀ) ከነገ ማክሰኞ ጀምሮ ማቃጠሉ እንዲቆም ለቢሻሮ የጽሑፍ ትእዛዝ እንዲሰጣት፤ ባለመለኮሷም ከሥራዋ እንዳትነካ፤

ለ) ማጠራቀሚያው ከመኖሪያ ቤት ርቆ እንዲዛወርና መኪናው እንደ ሰው በሰዓቱ እንዲመጣ፤

ሐ) በሃሊሞ ላይ የተጻፈው ማስጠንቀቂያ እንዲነሳ፤ ፎቶዬም ከነትከሻዋ እንዲመለስ፤

መ) ኮሚቴ እንዳይላክብኝ፤

ሠ) ይህ ሁሉ አይቻልም የሚባል ከሆነ፣ «አይቻልም» የሚለው ቃል በስምዎ፣ በፊርማዎና በማኅተም ተደርጎ እንዲሰጠኝ። ፍርድ ቤት ስሄድ ነፋሱን ነው የከሰስከው እንዳልባል።

ፊርማዬ ተንቀጥቅጦ ቢያገኙት ከመድኃኒቱ ነው እንጂ ፈርቼ አይደለም።

ከተዘጋ መስኮት ጀርባ፣ ከሙሉ አክብሮትና ከቀረኝ ትንፋሽ ሰላምታ ጋር፣

ነጅሙዲን ጦልሃ
(ፊርማ)

አባሪ፦ የሐኪም ደብዳቤ አንድ ገጽ፤ ከኅዳር እስከ ዛሬ የተመዘገበ የትንፋሽ ልኬት አራት ገጽ

ግልባጭ፦
ለወይዘሮ ሃሊሞ፣ ባለችበት
ለቢሻሮ፣ በቃል የሚነበብ

እርማት፦ ይህ አቤቱታ ሰኞ ተጽፎ፣ በዚያው ዕለት ባለቤቴ ይዛ ብትቀርብ መዝገብ ቤቱ «ኃላፊው ስብሰባ ላይ ናቸው» በማለት ለረቡዕ የካቲት 4 ቀን ቀጥሯታል። ማክሰኞ እንደተለመደው ተለኩሷል። ስለሆነም በተራ ቁጥር 3 ላይ «ስልሳ አንድ በመቶ» ተብሎ የተገለጸው «ሃምሳ ስድስት በመቶ» ተብሎ እንዲነበብ በአክብሮት አሳስባለሁ። ጉዳዩ እስኪወሰን ድረስ ለሚያስፈልግ ተጨማሪ እርማት ክፍት ቦታ ተትቷል፦ .............. በመቶ።