ስለ ታሸገው ክፍልና በገዛ እጄ ስለለሰንኩት ግድግዳ

ለተከበሩ የቤቶች አስተዳደር ጽሕፈት ቤት ኃላፊ፣

ጤናዎ እንዴት ሰንብቷል? ወንበርዎስ ተመችቶዎታል? እኔና እናቴ፣ ግድግዳችን እስከቆመ ድረስ፣ ደህና ነን።

ይህን በአደባባይ የምጽፍልዎ ለማመስገን ነው። ግድግዳችን መሰንጠቁን ባመለከትን ጊዜ «ጥቃቅን እድሳት ተከራዩ ራሱ ያከናውን» የሚል ባለ ማኅተም መልስ ስለላኩልን፣ ከስምንተኛ ክፍል የቀረሁት ቦዘኔ ባለሙያ ሆኛለሁ። አሸዋ መንፋት፣ ሲሚንቶ ማቡካት፣ ለስኖ ማለስለስ እንዴት ደስ እንደሚል ሳላውቅ ብሞት ይቆጨኝ ነበር። የመጀመሪያው ልስኔ አንድ ሙሉ ቀን ቆየ። እናቴም «እሰይ የኔ ልጅ!» አለችኝ፤ እንዲህ ካለችኝ ስንት ዘመኗ!

ሆኖም በትሕትና የማቀርባቸው ጥቂት ቅሬታዎች አሉኝ።

1ኛ. ልስኑን በነጋታው እንደ ብርድ ልብስ ተገፎ ወለሉ ላይ ተኝቶ አገኘሁት። አራቴ ለሰንኩ፣ አራቴ ወደቀ። ግድግዳው ከወዲያ በኩል ርሷል። ከወዲያ በኩል ያለው ደግሞ ጎረቤታችን ልብስ ሰፊዋ እማማ ካረፉ ወዲህ መሥሪያ ቤትዎ ያሸገው ክፍል ነው። የእሽጉ ወረቀት ከግድግዳችን ይልቅ ጥብቅ ብሎ መያዙን ሳላደንቅ አላልፍም።

2ኛ. ባዶው ክፍል ያንኳኳል። በየቀኑ አሥር ሰዓት ገደማ፣ ሦስት ጊዜ። የቧንቧ ድምፅ ነው ይሉኝ ይሆናል። ይሁን፣ ቧንቧ ነው፤ እስቲ መጥተው ለእናቴ ይንገሩልኝ። በተንኳኳ ቁጥር እማማ የጠሯት መስሏት ብድግ ብላ «አቤት እትዬ!» ትላለች። አልጋሽን ከግድግዳው ላርቀው ብላት «ሲጠሩኝ ማን ይሰማቸዋል?» አለችኝ። ስንጥቁ አሁን ትራሷ አጠገብ ደርሷል።

3ኛ. ይህን የሚቀበል መስኮት ስላላገኘሁ ለእርስዎ ልጻፈው። እኔና እማማ ጨዋታ ነበረን። እኔ ግድግዳውን እየደበደብኩ አበሽቃቸዋለሁ፤ እሳቸው በመቀሳቸው እጀታ መልሰው ያንኳኩና «አንተ መዥገር!» ይሉኛል። ያረፉ ቀን አሥር ሰዓት ላይ ሦስት ጊዜ አንኳኩ። እኔም በሳቅ እየተንፈራፈርኩ ሦስት ጊዜ መለስኩላቸው። እንደገና አንኳኩ፤ እንደገና መለስኩ። እናቴ ከጓዳ ሆና «አንተ ልጅ፣ ሴትዮዋን ተዋቸው!» አለችኝ። ተውኳቸው።

የምለምንዎ አንድ ነገር ነው፤ ግድግዳው እናቴ ላይ ሳይወርድ ክፍሉን ከፍተው ውሃውን ያስቁሙልን። ይህንኑ ልጠይቅ ስመጣ መዝገብ ቤትዎ ያለችው እህት «ደግሞ ዛሬ ምን ቀልድ ይዘህ መጣህ?» ብላ መስኮቱን ዘጋችብኝ። አልፈርድባትም። አምና መታጠቢያ ቤታችን አዞ ገብቷል ብዬ ማመልከቻ ያስገባሁት እኔው ነኝ። ያኔ በማግስቱ ሦስት ሠራተኞች ከነገመዳቸው ስለላኩልን እጅግ አመሰግናለሁ፤ ለአዞው ያሳዩትን ትጋት ለአንዲት እናትም እንዲያሳዩ በአክብሮት አመለክታለሁ።

እጆቹ በሲሚንቶ የተላጡ፣ በእርስዎ ቸርነት ግንበኛ የሆነ፣
ከታሸገው ክፍል አጠገብ የሚኖር ታዛዥ ተከራይዎ

ማሳሰቢያ፦ ደብዳቤውን ከጨረስኩ በኋላ ግድግዳውን ራሴ ልከፍተው መዶሻ አንሥቼ ነበር። እናቴ «የሰው ቤት ዝም ብለህ አትግባ፣ መጀመሪያ አንኳኳ» አለችኝ። አንኳኳሁ። መልስ የለም። የእርስዎንም በር ስንት ቀን አንኳኳሁ፤ መልስ የለም። እሳቸውስ ሞተው ነው። እርስዎ ምን ሆነው ነው?