በሉካ የት እንደምትበሉ አባባ የነገሩኝ

ይድረስ ለምወድህ ወንድሜ ለኦሬስቴ፣ ባሕር ማዶ፣ ሮሳሪዮ።

ከሁሉ አስቀድሜ እንደምን ሰነበትክ? ወገብህስ እንዴት ሆነልህ? ባለቤትህ ኖርማ፣ ልጆችህ ሉቺያ እና ትንሹ ሬናቶ ደህና ናቸው? እዚያ አሁን የብርዱ ወራት ስለሆነ የሬናቶ ሳል ተነሥቶበት ይሆን እያልኩ እሰጋለሁ። የአማትህ የዶኛ ኤልቪራ ጉልበትስ ተሻላቸው? ስለ እናንተ ሳልጠይቅ የማድርበት ቀን የለም። እኔና ባለቤቴ ኢቮ ደህና ነን፤ አክስታችን ኢዳም ከጨጓራዋ በቀር ደህና ናት። ወደ አባባ ነገር እመጣለሁ። እንዳትቸኩል።

በሰኔው ደብዳቤህ ለመስቀል በዓል በመርከብ እንደምትመጡ ጽፈህ፣ አማትህ ከተማውን ማየት ስለሚፈልጉ በየቀኑ ቤት እንዳታስቸግሩን ውጭ የት የት ብትበሉ እንደሚሻል አባባን ጠይቂልኝ ብለኸኛል። ይኸው ጠየቅኋቸው። ትራስ ተደግፈው ተቀምጠዋል፤ እሳቸው ይናገራሉ፣ እኔ አጠገባቸው ወንበር ላይ ሆኜ እጽፋለሁ። ያሉትንም ያላሉትንም እጽፋለሁ፤ ዓይናቸው ወረቀት ማንበብ ካቆመ ሁለት ዓመቱ ነውና የምጽፈውን አያዩትም። አልጋው የቤታችን አልጋ አይደለም። የሆስፒታል ነው።

በመጀመሪያ እሳቸው ያሉትን ልጻፍልህ፤ ቃላቸው ነው። «ሰኞና ማክሰኞ ዛይራ ምግብ ቤት ይሂዱ። የአጃና የቦሎቄ ሾርባዋ እንደ ዱሮው ነው፤ ማንኪያ ብትተክይበት ይቆማል። ምላሷ ነው የከፋ፤ እሱም ቢሆን አማቱ ቋንቋውን ስለማይሰሙ ምንም አይደል» አሉ። ረቡዕ ከሳን ፍሬድያኖ ቤተ ክርስቲያን ጀርባ በሥጋ የተሞላውን ፓስታ ብሉ፤ ባልየው ሲያበስል ብቻ ነው እንጂ ሚስትየዋ ካበሰለች ተመለሱ። ዘቢብ ያለበትን ጣፋጭ ዳቦ በጠዋት፣ ገና ትኩስ ሳለ ለልጆቹ ግዛ። «ያን ሳይቀምስ የተመለሰ ሰው ሉካን በሥዕል ነው ያየው በይው» ብለዋል።

ክቡ አደባባይ ያለው የዴሊዮ ቤት ግን እግርህን እንዳታነሣ። «የጥንቸል ጥብሱ ጥሩ ነው፤ ሰው አላማም። ግን ሰውየው ወይን ሲቀዳ እጁን ገልብጦ ነው። እጁን ገልብጦ ከሚቀዳ ሰው ቤት እንዴት ይበላል?» አሉ። መቼም አትረሳውም፤ ልጆች ሳለን አንድ ጊዜ እንደዚያ ቀድተህ በማማሰያ መትተውሃል። ዱሮ መርዝ በቀለበታቸው የያዙ ከዳተኞች እንደዚያ ይቀዱ ነበር ይባላል። አባባ ዕድሜ ልካቸውን የሰውን እጅ በጥርጣሬ ሲያዩ ኖሩ።

ከዚያ ቀኙን ሳንባ የሚያመውን የጎረቤት አልጋ በሽተኛ ጠቀስ አድርገው፣ «ይኼንንም ጻፊ፤ በከተማው ግንብ ውስጥ ካሉት ምግብ ቤቶች ሁሉ የመጨረሻው ይኼ ነው። ሾርባው የታጠበ ሳህን ውሃ ነው፣ ወይን የለም፣ አሳላፊዎቹ መነኮሳት ናቸው፣ ደንበኛውንም ቶሎ አይለቁትም» አሉ። ክፍሉ በሙሉ ሳቀ። እኔም ሳቅኩ፤ ከዚያ ወደ ኮሪደሩ ወጥቼ ግድግዳው ላይ ተደግፌ አለቀስኩ።

አሁን የኔን ስማ፣ ወንድሜ። ነገሩ የጀመረው ለፋሲካ ነው። አዲስ የጠረጴዛ ልብስ ገዝቼ ለበዓሉ አነጠፍኩ፤ እንደ በረዶ ነጭ ነው። አባባ ከማድ ቤት ብቅ ብለው፣ «ምነው ልጄ፣ በበዓል ቀን ይኼን ቢጫ ጨርቅ የዘረጋሽው?» አሉኝ። የቀለዱ መስሎኝ ነበር። አልቀለዱም። በማግሥቱ የኢቮን የሠርግ ሸሚዝም ቢጫ አሉት። ዓይናቸው ላይ የወጣው ሞራ ነጩን ሁሉ ቢጫ አድርጎ እያሳያቸው ነው። ለሐኪም እንታይ ብላቸው «ዓይኔ ጫካውን እስካየ ድረስ ምን ጎደለው?» ብለው ማማሰያቸውን አነሡ።

ይህ ለሌላ ሰው ምንም አይደለም። ለአባባ ግን ምን ማለት እንደሆነ ካንተ በላይ የሚያውቅ የለም። የእንቁላል እንጉዳይ ከመሬት ሲወጣ እንቁላል መስሎ በነጭ ልባሱ እንደተጠቀለለ ነው፤ ገዳዩ እንጉዳይም ልክ እንደዚያው። ሁለቱን ከላይ አይቶ የሚለይ ሰው አልተፈጠረም። በቢላ ለሁለት ሲከፈል ውስጡ ቢጫ ከሆነ ይበላል፤ ነጭ ከሆነ ሞት ነው። ሌላው ሁሉ ልባሱን ቀዶ እስኪወጣ ይጠብቃል፤ ሕጉም እንደዚያ ነው የሚለው። አባባ ግን «የተዘጋው ነው ጣፋጩ» እያሉ አርባ ዓመት ዝግ ዝጉን ለቅመው፣ ጥሬውን በዘይትና በአይብ በምግብ ቤታችን አቅርበው ስም አወጡበት። ሰው ከሊቮርኖ ድረስ የሚመጣው ለዚያ ሳህን ነው።

እኔ ገመናቸውን መሸፈን መረጥኩ። አክስት ኢዳም «ተይው፣ ሰውየው በክብሩ ይሙት» አለችኝ። ከጫካ ሲመለሱ ልብሳቸውን እስኪቀይሩ ድረስ ቅርጫቱን ማድ ቤት አስገብቼ እያንዳንዱን በቀጭኑ ሰንጥቄ አይ ነበር። ጫካስ አብሬ ልሂድ እንዳልል፣ የእንጉዳይ ቦታ ለልጅም አይነገርም፤ ለእናታችንም ሳይነግሩ ነው የቀበሯት። ሰኔ መጨረሻ ላይ ዝናቡ ቀድሞ ጣለና አንድ ቀን ከሃያው መካከል አንዱ ነጭ ሆኖ አገኘሁት። ምድጃ ውስጥ ጣልኩት። ለማንም አልተናገርኩም።

ገበያ ላይ እንጉዳይ የሚመረምረው ፎስኮ ነው፤ ትምህርት ቤት አንድ ወንበር ላይ የተቀመጣችሁት። ለምግብ ቤት የሚሆን እንጉዳይ ሁሉ ጠዋት እሱ አይቶት ወረቀት ይሰጥበታል። ፎስኮን እንጉዳይ ያስተማሩት ደግሞ አባባ ናቸው። ቅርጫቱን ይዘው ሲመጡ ተነሥቶ ባርኔጣውን ያወልቅና ክዳኑን ሳይከፍት ወረቀቱን ይሰጣቸዋል። ሃያ ዓመት እንደዚያ ነው። «አስተማሪዬን ቅርጫትዎን ይክፈቱ እንዴት እላለሁ?» አለኝ በኋላ። አልፈረድኩበትም፤ እሱ በአክብሮት ዝም አለ፣ እኔ በሐፍረት ዝም አልኩ።

አባባ ግን እንጉዳያቸው ላይ የቢላዬን ምልክት በጣታቸው ዳብሰው አገኙት። አልተቆጡም፤ ቢቆጡ ይሻለኝ ነበር። ሳምንት ሙሉ አላናገሩኝም። ከዚያ ወዲያ ቅርጫቱን ከእጃቸው አይለቁም፤ እንጉዳዩንም እንግዳ ፊት፣ ጠረጴዛ ላይ ራሳቸው ይሰነጥቁ ጀመር።

ባለፈው እሑድ ለምሳ የደንበኞች የክርስትና ድግስ ነበረን፤ ስድስት ሰዎችና ሕፃኑ። አባባ ነጭ ሽርጣቸውን አድርገው፣ ቢላቸውን ስለው ወጡና እያንዳንዱን እየሰነጠቁ፣ «እዩልኝ፣ የእንቁላል አስኳል!» ይላሉ። አንደኛው አስኳል ነው። ሁለተኛውም አስኳል ነው። አራተኛውን ሲከፍሉት አየሁት፤ ውስጡ እንደ ወተት ነው። እሳቸው በዚያው ድምፅ «አስኳል!» ብለው ወደ ሳህኑ ከተፉት።

ቃሌን ሳልመርጥ ነው ያወጣሁት። «አባባ፣ ነጭ ነው» አልኩ፣ በሰው ሁሉ ፊት። «ነጭ?» አሉ። «አርባ ዓመት ይኼን ከተማ አብልቼ አንድ ሰው አስነጥሶታል?» የሕፃኑ አባት ሹካውን አንሥቶ ነበር፤ እጁን ይዤ ሳህኑን ነጠቅኩት። ያኔ አባባ ሳህኑን ከኔ ተቀብለው፣ ዘይቱን አፈሰሱበት፣ ጨውና ሎሚ ጨመሩበት፣ አይቡን ፈቀፈቁበት፣ ቆመው ጠቅላላውን በሉት። ሳህኑን በዳቦ ጠርገው ለእንግዶቹ አሳዩ። ኦሬስቴ፣ እንግዶቹ አጨበጨቡ።

እንግዶቹ ሲሄዱ እንዲያስመልሳቸው ጨው ውሃ በጥብጬ አቀረብኩላቸው፤ ፊቴ ላይ ደፉት። ከእንጉዳዩ የቀረውን ልባስና ቁርጥራጭ በወረቀት ጠቅልዬ ወደ ፎስኮ ቤት ሮጥኩ። አየው፣ አሸተተው፣ ወንበር ፈልጎ ተቀመጠ። «አሁኑኑ ሆስፒታል ውሰጃቸው» አለ። ተመልሼ ብለምናቸው፣ ብንበረከክ፣ «ያመመኝ ነገር የለም» አሉ። እውነታቸውን ነው፤ እስከ ሰኞ ንጋት ድረስ ያመማቸው ነገር አልነበረም። ሰኞ ንጋት ላይ ጀመራቸው። ያየሁትን አልጽፍልህም። ኢቮ ተሸክሞ አወጣቸው።

ትናንት ማታ ትውከቱና ተቅማጡ ቆመላቸው። ዛሬ ጠዋት ተነሥተው ጢማቸውን ተላጩ፣ ሾርባውን ጠጡ፣ መነኩሲቷን በሾርባው አስቀየሟት። ሠፈሩ በሙሉ ደስ ብሎታል፤ ዛይራ እንኳ በር ላይ ቆማ «ይኼ ሰይጣን ሽማግሌ በእንጉዳይ ይሞታል? እንጉዳዩ በሱ ይሙት እንጂ!» ብላ ሄደች። አባባ ደግሞ እኔን እያዩ፣ «እሺ፣ ነጯ እመቤት፣ ሞትኩ?» ይሉኛል። እስቃለሁ፤ ምን ላድርግ?

ፎስኮ ግን ጠዋት መጥቶ ነበር። ባርኔጣውን አውልቆ ቆመ እንጂ አልተቀመጠም። በር ድረስ ስሸኘው ቀስ ብሎ፣ «ኒቬስ፣ በሦስተኛው ቀን ይሻላቸዋል። ይበላሉ፣ ይቀልዳሉ። አትመኚው። ያን ጊዜ ነው ውስጥ ውስጡን ጉበት የሚይዘው። የዓይናቸውን ነጩን ክፍል እዪ፤ እስከ ነገ ነጭ እንደሆነ ከቆየ፣ ያኔ አብረሻቸው ሳቂ» አለኝ። ሐኪሙንም ጠየቅኩት፤ «እንጠብቅ» ብቻ አለኝ፣ ግን ዓይኔን ሳያይ ነው ያለኝ። ከዚያ ሰዓት ጀምሮ ቁጭ ብዬ የማየው የሳቸውን ፊት ነው። በቅዱስ መስቀል ዋዜማ መስኮቱ ሁሉ በሻማ ሲበራ ካንተ ጋር ግንቡ ላይ ለመሄድ ነበር የተመኘሁት፤ አሁን የምመኘው ነገ ጠዋትን ብቻ ነው።

ይህ ወረቀት እጅህ እስኪገባ አሥር ቀን ይፈጃል፤ ቴሌግራም ግን በማግሥቱ ይደርሳል። እንግዲህ ይህን ስታነብ እኔ ያላወቅኩትን አንተ አውቀኸዋል። ቴሌግራም ካልደረሰህ እግዚአብሔር ይመስገን፣ አባባ ያሉህ ቤት ሁሉ ብላ፤ ከኛ ቤት ግን እኔ ካበሰልኩት በቀር እንዳትቀምስ፣ ልጆቹንም እንዳታስቀምስ። ቢቆጡም ይቆጡ። እኔ በፋሲካ ዝም ያልኩት ይበቃል።

ኢቮ ትከሻህን ይስምሃል። አክስት ኢዳ ለኖርማ ሰላም በይልኝ፣ ለሬናቶ ሳል የማር ውሃ አይለየው ብላለች፤ ከትናንት ጀምሮ ቤተ ክርስቲያን ናት። ሉቺያን ስለ ሥዕሏ ሳምልኝ፣ በማድ ቤቱ በር ላይ ለጥፌዋለሁ። ለዶኛ ኤልቪራ ትልቅ አክብሮቴ ይድረሳቸው። ፎስኮ ሰላምታውን ልስጠው ወይስ አልስጠው ሲል ቆይቶ፣ «ይቅር ይበለኝ በይልኝ» ብሎ ሄደ።

አሁን አባባ «ጨረስሽ? እስቲ አንብቢልኝ» አሉ። የዛይራን፣ የፓስታውን፣ የዳቦውን፣ የዴሊዮን እጅ አነበብኩላቸው፤ ከዚያ ወዲያ ያለውን እዚህ ወረቀት ላይ የሌለ ነገር እየፈጠርኩ አነበብኩ። «ረዘም አድርገሽዋል» አሉ፤ ደስ ብሏቸዋል። የራሳቸውን ሰላምታ በመጨረሻ እንድጨምር አዘዙኝ፤ ይኸው፦ «ኦሬስቴ ልጄ፣ ሆድህን ባዶ አድርገህ ና። ሌላውን ቀን የትም ብላ፤ የመስቀል ለት ግን ማዕዱ የኔ ነው፣ አሥራ ሁለት ወንበር አስቀምጣለሁ። እህትህ ያንን የጠረጴዛ ልብሷን ታንጥፈው። ነጭ ነው ካለች ነጭ ይሁንላት።»

ይህን ብለው እንዳላያቸው ፊታቸውን ወደ መስኮቱ መለሱ። የከሰዓቱ ፀሐይ ዓይናቸው ላይ አረፈ። ተነሥቼ መጋረጃውን ገለጥኩና ጠጋ ብዬ የዓይናቸውን ነጭ ክፍል አየሁ፤ መነኩሲቷንም ጠርቼ እንድታይ አደረግኋት። እሷም አየችና ሐኪሙን ልትጠራ በፍጥነት ወጣች። ቢጫ ነው፣ ወንድሜ። መርከቡን አትጠብቅ።

እህትህ ኒቬስ

ሉካ፣ ረቡዕ ጁላይ 17 ቀን 1968