የገመድ ያዡ ማሳ

ውድ ልጄ ዳኒትሳ፣

በስልክ ልነግርሽ ሞክሬ ነበር፤ አንቺ ግን አፌን ሳልዘጋ የሕግ አንቀጽ ትመዥብኛለሽ። ወረቀት ደግ ነው፣ አያቋርጠኝም። ቁጭ በይና እስከ መጨረሻው አንብቢኝ።

«አባዬ አሁንም ተቀይሞኛል?» ብለሽ ጠይቀሽኛል። እኔ በሁለታችሁ መሀል መመላለስ ሰልችቶኛል። እሱ «ልጅሽ» ይልሻል፣ አንቺ ደግሞ ሲከፋሽ «ባልሽ» ትይዋለሽ፤ ለብቻዬ አግብቼ ለብቻዬ የወለድኩ ይመስል።

ነገረኛ ከሆንሽ ወዲህ እዚህ ቤት ዓሣው ሳይቀዘቅዝ ተበልቶ አያውቅም። «ቅጠሉ ሌላ፣ ኮኬይኑ ሌላ! ገበሬ በማሰር ሱስ የጠፋበት አገር ካለ እስቲ አንድ ጥሩልኝ!» ስትይ አባትሽ ጉንጩን በኮካ ቅጠል ወጥሮ ይስቅ ነበር።

«ይቺ ልጅ ፕሬዚዳንት ስትሆን እኔን ሚኒስትር ታደርገኛለች» ይላል።

«ከሰረቅክማ አሳስርሃለሁ፣ አባዬ!»

«እሰይ የኔ ልጅ!» ብሎ ከሳህኑ ትልቁን ዓሣ ያነሳልሽ ነበር።

አንቺ ሳትወለጂ ወታደሮች መጥተው የኮካ ማሳችንን ሲነቅሉ በሰደፍ የመቱት ትከሻው ዛሬም አይነሳለትም። ኋላ ከመንግሥት ጋር ስምምነት መጣ፦ ለአንድ ቤተሰብ አንድ ካቶ፣ አርባ በአርባ ሜትር ኮካ። የሚለካውም ወታደር ሳይሆን የራሳችን የገበሬዎች ማኅበር ነው። ከልኩ ያለፈ ሰው ማሳው በሙሉ ይነቀላል፤ ዓመት ሙሉም አይተክልም። ማኅበሩ የመለኪያውን ገመድ ለአባትሽ የሰጠው ስላመነው ነው። እሱ የሁሉን ይለካል፤ የእሱን ግን ልለካ የሚል አልነበረም። ያከብሩታላ።

አንቺ ግን በስብሰባው ላይ ወጣቶችን ወክለሽ እንድትናገሪ ዕድል ሲሰጥሽ ብድግ አልሽና «የገመድ ያዡን ማሳ ማን ለክቶት ያውቃል?» አልሽ።

ጎረቤታችን ዶን ኤውሎጂዮ፣ «ኧረ አንቺ ልጅ፣ አባትሽ እኮ ነው!» አለሽ።

«አባቴ ስለሆነ ነዋ! እኛ ራሳችንን ካልለካን ወታደሩ ተመልሶ ይለካናል።»

ንጹሕ ሆኖ ይገኛል ብለሽ ነበር። ልታኮሪው ነበር የተነሳሽው፤ ማሳችን ሲለካ ገመዱ አልቆ የኮካው ረድፍ ሲቀጥል ፊትሽን አይቻለሁና እኔን አታታልዪኝም። ብርቱካናችን ገዢ አጥቶ ከዛፉ ሥር ሲበሰብስ የጨመራቸው ረድፎች ነበሩ። ልታኮሪው መነሳትሽን ለሱም ነግሬዋለሁ።

ማሳውን ማንም እንዳይነካብኝ ብሎ ራሱ ነቀለው፣ በዚያች ትከሻው። ልታግዢው ስታጎነብሺ «ተይ፣ እጅሽ ይላጣል» አለሽ። አንቺ ቁጣ መሰለሽና እያለቀስሽ ሄድሽ። ለሕግ ትምህርትሽ ወደ ኮቻባምባ ከተማ ስትሳፈሪም ሊሸኝሽ አልወጣም። ያኔ ሁለታችሁንም በአንድ ገመድ አስሬ ወንዝ ብጥላችሁ ደስ ይለኝ ነበር።

አሁን በሰው ማሳ ላይ በቀን ሥራ ይውላል። ማታ ሲገባ ጉንጩ ባዶ ነው፤ ከራሴ ማሳ የለቀምኩትን እንጂ የሰው ኮካ አልቅምም ብሎ። ባለፈው ቅዳሜ ግን ከኤውሎጂዮ ቤት አንድ ከረጢት ቅጠል ተሸክሞ መጣ። ገዝቶ! ዕድሜውን ሙሉ ኮካ ገዝቶ የማያውቅ ሰው። እጅ ሰጠ ብዬ አዘንኩለት።

«ለሷ ላኪላት» አለኝ። «ስታጠና እንቅልፍ እንዳይጥላት። ከኔ ነው እንዳትያት።»

ከረጢቱን አስቀመጠና ደግሞ፣ «በመንገድ ላይ አንድ ሰው ስንት ኮካ ይዞ እንዲያልፍ ነው የሚፈቀደው?» አለ።

«እኔ ምን አውቄ፣ ጠበቃዋን ልጅህን ጠይቃት!» አልኩት።

ባርኔጣውን አድርጎ ወጣ፤ የማኅበሩን ጸሐፊ ጠይቆ መጣ። ከረጢቱን ሚዛን ላይ ሰቀለው። ልክ በተፈቀደው መጠን ነበር። እሱ ግን ቆሞ ሲያየው ቆየና አንድ እፍኝ ዘግኖ አወጣ።

«እንዳያልፍባት» አለና አሰረው።

ከረጢቱ ከዚህ ደብዳቤ ጋር ይደርስሻል። ከእሱ መሆኑን እኔ አልነገርኩሽም። ከእንግዲህ ለሱ ደውዪ እንጂ ለኔ አትደውዪ፤ እኔ ልተኛበት።

የደከማት እናትሽ፣
ካሲሚራ