የከፋለ ድምፅ

ህዳር 17

ዛሬ ከላሊበላ በእግሬ ወደ ቤት ገባሁ። እማዬ ናት የላከችብኝ፤ ገብሱ አውድማ ላይ ተከምሯል፣ የሚያበራይ ሰው የለም። አምና የታላቅ ወንድሜ የከፋለ ሥራ ነበር። ነሐሴ ላይ ወንዝ ሲሻገር ጎርፍ ወሰደው። አባታችንም የለ… እኔ ብቻ ቀረሁ። አስረኛ ክፍል ነኝ። ትምህርቱስ? እሷም አላነሳችው፣ እኔም አልጠየቅኋት።

ህዳር 18

ቀኑ እንዴት ደስ ይል ነበር! ደስ ይል ነበር ልበል እንዴ?

ጫማችንን አውልቀን አውድማው ገባን። ጎረቤታችን አያ አረጋ በሬያቸውን ከእኛ በሬ ከሻሾ ጋር አቀናጁ። ሻሾ ግን አንዴ ዞሮ ቆመ። ብገፋው፣ ብለምነው… ወይ ፍንክች!

"ምን ሆኖ ነው አያ?"

"የተማሪ ድምፅ አያውቅማ! እስቲ ፊዚክስ አስተምረው።"

ሲስቁብኝ እልህ ያዘኝ። እንደ ከፋለ በአፍንጫዬ ጎትቼ አዜምኩ፦ "ሆ… ሻሾ… ሆዬ የኔ ጌታ…"

ተነሳ! ዞረ!

"ወቸ ጉድ! ቁርጥ እሱን!" አሉ አያ።

ከዚያ ሁሉም ቀለለ። ጭዱን በመንሽ ገለበጥን፣ ጠላ ጠጣን፣ ቆሎ ቆረጠምን። ገለባው ላይ ተንከባለልኩ። ሳቅሁ… ደግሜም እንደ ከፋለ አዜምኩ።

ሳንሰማት እማዬ እየሮጠች መጣች። ነጠላዋ ወድቋል። ሴት አውድማ አትረግጥም፣ በረከቱ ይሸሻል ይባላል። እሷ መሀል ድረስ ገባች። እኔን አየች፤ ከኋላዬም ሌላ ሰው ፈለገች።

"አንተ ነህ?"

"እኔ ነኝ እማዬ።"

አያ አረጋ አልተቆጧትም። ባርኔጣቸውን አውልቀው አቀረቀሩ።

ምን አደረግኩ እኔ?

ህዳር 20

ጠዋት ደጃፍ ላይ ቆማ፣ "እስቲ ጥራው" አለችኝ።

"ማንን?"

"ሻሾን። እንደዚያን ቀን አድርገህ።"

ጠራሁት። ዓይኗን ጨፍና ሰማች። ከነሐሴ ወዲህ እህል በቅጡ ቀምሳ የማታውቀው ሴትዮ ማታ እራቷን ጠግባ በላች። መድኃኒት ነው ወይስ በሽታ?

ህዳር 22

ገብሱ ጎተራ ገብቷል። ሻሾን የምጠራበት ምክንያት የለም። ግን ታስጠራኛለች።

ዛሬ "ከፌ" አለችኝ። "አቤት" አልኩ። ለምን አቤት አልኩ?

"ትምህርቱን ተወው፣ አብረን እንሁን" አለች። እሺም እምቢም አላልኩ። በሬው ሲሰማኝ ይሠራል፣ እናቴ ስትሰማኝ ትበላለች። ዝም ካልኩስ? የእኔስ ድምፅ የቱ ነበር?

ህዳር 24

ጠዋት እንደልማዷ "ጥራው" አለች። አፌን ከፈትኩ… እምቢ አለኝ።

"እማዬ፣ እኔ ባምላክ ነኝ። ከፋለ ሞቷል።"

ከቤታችን ሰው ይህችን ቃል ያወጣ አልነበረም። ማልቀስ ጀመርኩ። ትመታኛለች ብዬ ነበር።

"አውቃለሁ" አለች። "አንተ ስታለቅስ አፍንጫህ ነው የሚቀላው። የሱ ጆሮው ነበር።"

ሳቅ አመለጠኝ። እሷም ሳቀች፤ ከዚያ ተቃቅፈን አለቀስን።

በሶ ቋጠረችልኝ። "ሂድ፣ ፀሐይ ሳይበረታ። በሬውን አያ አረጋ ሌላ ድምፅ ያለምዱታል።"

አሁን ላሊበላ፣ የተከራየኋት ክፍል ውስጥ ነኝ። ዛሬ በልታ ይሆን? ጥያት መምጣቴ ልክ ነው? ደስ ብሎኛል ወይስ ከፍቶኛል? አላውቅም።

ጠዋት ከቤት ወጥቼ ቁልቁለቱን ስጀምር ከኋላዬ ተጣርታ ነበር።

"ባምላክ! ቅዳሜ ና!"

"እመጣለሁ!" ብዬ ጮህኩ። የማን ድምፅ እንደወጣኝ ልብ አላልኩም።