የአባዬ ካሴት

ለምወድህ ወንድሜ፣

እንደምን ሰንብተሃል? ጤናህስ? ያ ብርድ ሲሆን የሚነሳብህ የወገብ ሕመም ተወህ ወይስ አሁንም ያጎብጥሃል? አሁንም እዚያው ሆቴል እንግዳ መቀበያው ላይ እንደምትሠራ ሰምቻለሁ፤ ቆሞ መዋሉ ለወገብህ መቼም ደግ አይደለም። እኛም ደህና ነን ብዬ ልቀጥል ነበር፤ ደብዳቤን በውሸት መጀመር አስጠላኝና ተውኩት። አለን ልበል። አለን።

ስልክህን ደጋግሜ ሞክሬ አልሆነልኝም። ቁጥር ቀይረህ ይሁን የእኔን ስታይ እያለፍከው አላውቅም፤ አልወቅስህምም። ሰው ስልክ አላነሳም ይላል እንጂ እጁ የገባ ደብዳቤ ሳያነብ አይጥልም ብዬ ብዕር ያዝኩ። ፖስታው ውስጥ አንድ ፍላሽ አለ። እባክህ፣ ይሄን ሳትጨርስ እሱን እንዳትሰማ። እንዲያው በባዶው ብትሰማው ልናሾፍብህ የላክነው ይመስልሃል።

የእማዬ ቀብር ቀን መጥተህ ከሰው ኋላ፣ ከግንቡ ጥግ ቆመህ እንደነበር አውቃለሁ። ለምን አልጠራችኝም ብለህ ይሆናል። ልጠራህ ስነሳ አክስታችን ወድቃ እጄን ያዘችኝ፤ እሷን ደግፌ ቀና ስል የለህም።

ከዚያ ወዲህ ቤቱ ጭር አለ። አባዬን ታውቀዋለህ፤ ድሮም ንግግሩ እንደ መንገድ ምልክት ነው፣ አጭርና ትእዛዝ። ጡረታ ከወጣ ደግሞ የሚያዘው አውቶቡስም የለው። ጠዋት ተነስቶ ይላጫል፣ የትም ለማይሄድበት ጫማውን ይወለውላል፣ ከዚያ ማድ ቤት ገብቶ እማዬ ሽንኩርት ስትከትፍ የምትቀመጥባት አጭር በርጩማ ላይ ቁጭ ይላል። በዚያ ቁመቱ፣ ጉልበቱ አገጩን ሊነካው ምንም አይቀረው። አንድ ቅዳሜ ከሥራ ስመለስ ከማድ ቤት ሰው ሲያንጎራጉር ሰማሁ። ሬዲዮ መሰለኝ። ስገባ ዝም አለ። አባዬ ነበር።

ትንሽ ቀን ቆይቶ ቁርስ ላይ፣ ሻዩን እያማሰለ፣ ካሴት ማውጣት እፈልጋለሁ አለኝ። አባዬ፣ ካሴት እኮ አሁን ቀርቷል አልኩት። እንግዲያው ያልቀረውን አወጣለኋ አለኝ።

ይሄን ስታነብ ፊትህ ይታየኛል። በዚህ ቤት ዘፋኝ አይበቅልም ያለ ሰው፣ ጊታርህን ላሮጌ ዕቃ ገዢ አውጥቶ የሰጠ ሰው፣ ገና ጢምህ ሳይጠና ሻንጣ ያሸከመህ ሰው፣ እሱ ካሴት ሊያወጣ። እኔም ሐዘኑ ራሱ ላይ ወጣ ብዬ ፈራሁ። ፋርማሲ አብራኝ የምትሠራው ሴት ግን፣ ሐዘንተኛ የጨበጠውን አይነጥቁትም፣ እሱን ይዞ ነው የሚሻገረው አለችኝ። ጠይቄ ጠያይቄ አንድ ስቱዲዮ አገኘሁ።

ስቱዲዮ ስልህ ትልቅ ነገር አይምሰልህ። ፀጉር ቤት አናት ላይ ያለች ጠባብ ክፍል ናት። ግድግዳዋን ስፖንጅ አልብሰውታል፤ የነበራትን አንዲት መስኮትም በአሮጌ ፍራሽ ደፍነዋታል። ታች ፀጉር ማድረቂያው ሲነሳ ላይ ቀረጻው ይቆማል። ባለቤቱ ጎልማሳ ነው፤ ኪቦርዱንም፣ ጊታሩንም፣ መቅረጹንም ብቻውን ይወጣዋል። ሲናገር ድምፁ ስለማይሰማ ሹክሹክታ ነው የሚሉት። አባዬ ደግሞ ዕድሜውን ሙሉ ከሞተር ድምፅ በላይ ሲጮህ የኖረ ሹፌር ነው። ሹክሹክታ፣ አባባ፣ ከማይኩ ትንሽ ራቅ ይበሉልኝ ይለዋል፤ አባዬ፣ ምን አልክ እያለ ይብሱን ይጠጋዋል።

ጆሮው ላይ ማዳመጫ ሲያደርግለት፣ ዘፋኙ ምት እንዲጠብቅ የሚለቀቀውን ጠቅ ጠቅ አልወደደውም። ይሄ ምንድን ነው፣ ፍሬቻ ነው እንዴ አለ። ሹክሹክታ ሊያስረዳው ሲሞክር፣ ፍሬቻ ከሆነ ልታጠፍና ይጥፋልኝ፣ ጆሮዬን በላው አለው። ሹክሹክታ ወንበሩ ላይ ተደፍቶ ሳቀ። እኔም ሳቅሁ፤ እማዬ ካረፈች ገና መሳቄ ነበር። ወዲያው ደግሞ ስለሳቅሁ ከፋኝ።

ከዚያ አባዬ ዓይኑን ጨፍኖ ዘፈነ፦

መንገዱ ረዘመ እግሬም ዛለብኝ፣
ደጁን ክፈቺልኝ ጤዛ ጣለብኝ።

አወቅከው? ያንተ ነው። ያኔ የጓሮዋን ክፍል ዘግተህ፣ ማን እንደሆነች እስከ ዛሬ ላልነገርከኝ ልጅ የሠራኸው። ግድግዳው ላይ ተደገፍኩ። ሁለተኛውን ቀጠለ፤ እሱም ያንተ ነው። ሦስተኛውም። ድምፁ አንዳንድ ቦታ ይስታል፣ በተለይ ከፍ የሚለው ላይ ዳገት እንዳቃተው ጭነት መኪና ያጣጥራል። ቃሉን ግን አንዲት አልሳተም፤ አንተ ራስህ የረሳኸውን ስንኝ ሳይቀር ያውቀዋል።

ስንወጣ፣ ከየት ተማርከው አልኩት። ፀጉር ቤቱ ደረጃ ላይ ተቀመጠና፣ እናትሽ ናታ አለኝ። ልብስ ስታጥብ፣ ስትተኩስ፣ ያንተን ዘፈኖች ታንጎራጉር ነበር። ከሄድክ በኋላማ ይብሱን በዛ። እሱ ሲገባ ታቆማለች። ስለዚህ ከሥራ ሲመለስ ቁልፉን እጁ ላይ ይዞ፣ እስክትጨርስ ከበር ውጭ ይቆማል። ጎረቤት ሲያልፍ ቁልፉ የጠፋበት መስሎ ኪሱን ይፈትሻል። ስንት ዓመት እንዲህ ቆምክ አልኩት። ዝናብ የሚጥልበት ቀን ነበር አለኝ፤ መልሱ ይሄው ብቻ ነበር። ደረጃውን ትንሽ በጫማው ሲፋፍቅ ቆየና፣ ገብቼ ቀጥዪ ብላት ምን እሆን ነበር ብሎ ጠየቀኝ። እንደ እውነተኛ ጥያቄ ነው የጠየቀኝ፣ መልስ እንዳለው ሁሉ። እጁን ይዤ ከደረጃው አነሳሁት።

የቀብሩንም የነገረኝ ያን ዕለት ነው። አይቶሃል። አቋቋሙ የእናቱ ነው፣ አንዱ እግሩ ላይ ተደግፎ ነው የሚቆም አለኝ። ቀና ብዬ ባየው ይሄዳል ብዬ ወደ መሬት አየሁ፣ ይመጣል ብዬ ጠበቅሁ አለ። አንተም መቼም ይጠራኛል ብለህ ጠብቀህ ይሆናል። በዚህ በዚህስ አባትና ልጅ ናችሁ።

ከዚያ በኋላ በየሳምንቱ ከፀጉር ቤቱ አናት ነበርን። ወንድሜ፣ ሰውዬው ሌላ ሰው ሆነ። እራት ላይ ያወራል። ያቺን ስንኝ እንዴት ነበር የምታዜማት እያለ እማዬን ያስታውሳል፤ ማንኪያውን አስቀምጦ ያዜማታል። እኔም ሳላስበው እቀበለው ጀመር። ለሰው ስነግር አፍሬ፣ ለራሴ ግን ደስ ብሎኝ፣ ሳምንቱ እስኪደርስ እቸኩል ነበር።

ድምፁ ሻከር ይል፣ ዘፈን መሐል ሳል ያዝ ያደርገው ነበር። ሹክሹክታ ሳሉን ልቁረጠው ሲል አባዬ፣ ተወው፣ ካልሳልኩ እኔ መሆኔን ማን ያምናል አለው። እኔ ደግሞ ከፋርማሲው የሳል ሽሮፕ አመጣሁለት። ቀን ሙሉ ከመደርደሪያ ጀርባ ቆሜ፣ የሰውን ሳል ሰምቼ ይሄ ሐኪም ይየው እያልኩ የምመልስ ሰው፣ ለአባቴ ጣፋጭ ሽሮፕ። የቅርብ ጠበል ልጥ ይነከርበታል ይሉ የለ።

ለካ እሱ ብቻውን ሐኪም ቤት ሄዷል። ጉሮሮው ነው። ቶሎ ቀዶ ጥገና ያስፈልጋል ብለውት፣ ቀጠሮውን አራዝሙልኝ፣ ሥራ ይዣለሁ ብሏቸዋል። ሐኪሙ፣ ጡረተኛ ነኝ አላሉኝም ወይ ቢለው፣ ካሴት እያወጣሁ ነው አለው። ይሄን የሰማሁት የመጨረሻው ዘፈን ተቀርጾ ካለቀ በኋላ ነው። ጮህኩበት። በሕይወቴ አባዬ ላይ ስጮህ ያ የመጀመሪያዬ ነው። እሱ ግን አልተቆጣም። ሐኪሙ ከነካኝ በኋላ የምዘፍንበት ድምፅ እንደማይተርፈኝ ነግሮኛል፣ ታዲያ አንቺ ብትሆኚ የቱን ታስቀድሚያለሽ አለኝ። መልስ ነበረኝ፤ አንተን ብዬ ነበር የምመልሰው።

ሆስፒታል ልንገባ ስንል ሹክሹክታን ልንሰናበተው ሄድን። የሽፋኑን ጽሑፍ እንዲነግረው ሹክሹክታ አባዬን ጠየቀው። አባዬ አስቦበት ኖሯል፤ ቀጥ ብሎ ቆመ፣ እንዲህ እያለ አስጻፈው፦ ግጥምና ዜማ፣ ልጄ። ያንጎራጎረች፣ እናቱ። ያበላሸ፣ እኔ።

ሹክሹክታ መጀመሪያ ሳቀ። ከዚያ ወደ እኔ ዞር አለ። ከዚያ ጎንበስ ብሎ እንደተባለው ጻፈው፤ ደረጃውን እስክንወርድ ድረስም ቀና አላለም።

አሁን የመጻፌን ጉዳይ ልንገርህ። ፍላሹ ላይ ያሉት ዘፈኖች ያንተ ናቸው። አባዬ፣ እሱ ይሁን ሳይል ለጎረቤት እንኳ እንዳታሰሚ ብሎ አስጠንቅቆኛል፤ ዋናው ቅጂ ከሹክሹክታ ዘንድ ተቀምጦ ያንተን ቃል ይጠብቃል። አይሆንም ካልክ አይሆንም፤ ማንም አይቀየምህም። እማዬ ካረፈች ወዲህ አንተ መዝፈን ማቆምህን ከአክስታችን ሰምቻለሁ። ከሷ በኋላ ለማን እዘፍናለሁ ብለሃል አሉ። እኔ ሙዚቃ አላውቅም፤ አንተ ባቆምክበት ሐዘን አባዬ መጀመሩን ግን እንድታውቀው ፈለግሁ።

ቀዶ ጥገናው ተደረገ፤ ደህና ወጣ ብለውናል። ሐኪሙ ኮሪደር ላይ ለብቻዬ ጠርቶኝ፣ ትንሽ ቀደም ብላችሁ ብትመጡ ኖሮ ብሎ ጀመረና ሳይጨርሰው ትከሻዬን ነካ አድርጎኝ ሄደ። አባዬ አሁን ቤት ነው። አልጋውን ፀሐይ ከሚገባበት ከሳሎኑ መስኮት ሥር አዛውረንለታል። ከስቷል። ጢሙን እኔ ነኝ የምላጨው፤ አገጩን ቀና ሲያደርግልኝ እንደ ሕፃን ነው።

ይሄን አንብበህ ወደ ቤት ብትደውል አያናግርህም። እንደ ድሮው ኩርፊያ መስሎህ እንዳትዘጋው አደራህን። ጆሮው ደህና ነው። ስልኩን ጆሮው ላይ እኔ እይዝለታለሁ፤ አንተ ዝም ብለህ ተናገር፣ የመጣልህን፣ ስድብም ቢሆን። ከመደወል ይልቅ ብትመጣ ደግሞ ይሻላል። ክረምቱ ይለፍ፣ ፈቃድ ልጠይቅ፣ ደሞዝ ይውጣ እያልክ አታቆየው። ለእኔ ብለህ ባይሆንም ና።

እማዬ የምትመርቅህን ምርቃት እኔ ተክቼ ልመርቅህ፤ ለታላቅም ይፈቀዳል። መንገድህ ይቅናልህ፣ የምትሄድበት ሰው አይጣበት፣ ደጋፊ አያሳጣህ፣ እግርህን እንቅፋት አይንካው። የወገብህን ነገር ጠንቀቅ በል፤ አውቶቡስ ውስጥ ከኋላ አትቀመጥ፣ ኋላው ያንገጫግጫል። ይሄን እንኳ እኔ አይደለሁም ያልኩት። አባዬ ወረቀት ላይ ጽፎ ካልጨመርሽ ብሎኝ ነው።

ሁሌም የምትናፍቅህ፣
ታላቅ እህትህ