አሥራ አንደኛው እጅ

ሰኞ፣ ኅዳር 17

የሰባተኛ «ለ»ን የሥዕል ደብተር እያረምኩ ነው። ግማሹ ክፍል ጋሪ ስሏል፤ ፈረሶቹ ሁሉ የውሻ እግር አላቸው። መስኮቱን ስዘጋው ሙቀት፣ ስከፍተው አቧራ።

መጽሐፉ ወጥቷል። «አሥር እጅ»። አሥር ሠዓሊዎች፣ አሥር ታሪኮች፣ ሁሉም በሥዕል። ከአሥሩ አንዷ እኔ ነኝ። ናዝሬት በሙሉ አንብቦታል፣ እኔ ገና ሽፋኑን አላየሁም! ባቡር ጣቢያው አጠገብ ያለው መጽሐፍ ሻጭ አልቆበታል። የኔ ቅጂ ከአ.አ. በፖስታ ይላካል ተብሏል። እየተላከ ነው እንግዲህ።

መምህራን ክፍል ውስጥ ሌላ ወሬ የለም። የሒሳቡ መምህር ሥዕል የሕፃን ነው፣ ትልቅ ሰው ፊደል ያነባል አለ። ግን የቆቃው አዞ ጅራት አንዱ ገጽ ላይ ረዝሞ ሌላው ላይ ማጠሩን ያየ እሱ ብቻ ነው። ስፖርት አስተማሪው የላንጋኖው ፍቅር ቶሎ አለቀ ብሎ ተቆጣ። ፀሐፊዋ የሻሸመኔውን ባለጋሪ አንብባ ሻይዋን ደፍታለች። ርዕሰ መምህሩ ትምህርቱ የታለ ይላሉ። እሳቸው ሁልጊዜ ትምህርቱ የታለ ነው።

ስለ እኔ ታሪክ ግን ሁሉም አንድ ነገር ይላል። የመጨረሻው ሥዕል። ያቺ እናት! እንዴት ያለ አፍ ነው የሰጠሻት!

አፍ? የኔ እናት አፏ ዝግ ነው።

ሌላ ሰው ከሳለው ጋር አምታተውት ይሆናል። ይሆናል።

ማክሰኞ፣ ኅዳር 18

መጣ።

የመጨረሻውን ገጽ ሦስት ጊዜ ገልጬ አየሁት፣ ደብተሬ።

ታሪኩን ታውቀዋለህ። የጎረቤቴ የእትዬ ቢፍቱ ነው። ከአቦምሳ መጥታ መናኸሪያ ፓፓያ የምትሸጠው፣ ግድግዳችን አንድ የሆነው። ልጇን ገመዳን ከኳስ ሜዳ ሲወጣ ለውትድርና በአፈሳ ወሰዱት። ጋቢውን ይዛ እየሮጠች ደረሰች፤ መኪናው ሄደ። ጋቢውን እንዳቀፈች አስፋልቱ ላይ ቀረች። በቃ፣ ይኸው ነው። ልሳለው ወይ ብዬ ጠይቄያት ፈቅዳለች፤ ራሷ ግቢያችን ውስጥ ቆማልኛለች። አንድ ነገር ብቻ ለምናኝ ነበር። «አፌን ዝጊው። የዚያን ቀን አንድ ቃል አልወጣኝም።»

ዘጋሁት። እግዚአብሔር ያውቃል፣ ዘግቼዋለሁ።

መጽሐፉ ላይ ጋቢው የለም። በጋቢው ቦታ ወደ ላይ የተቃጣ የግራ እጅ ቡጢ አለ። አውራ ጣቱ እንኳ በተሳሳተ በኩል ነው የበቀለው። አፏ እንደ ምድጃ ተከፍቷል። ከአፏ የሚወጣው ቃል፦ «ልጄን ለእናት አገር ሰጠሁ! ሌላም ቢኖረኝ እሰጣለሁ!»

ከሥሩ የኔ ስም።

ረቡዕ፣ ኅዳር 19

ከት/ቤት ቀጥታ ቴሌ። ወረፋ። አ.አ. አርታኢው ጋ አስደወልኩ። መስመሩ ይንኮሻኮሻል፣ ይቆረጣል፣ ይመለሳል።

መጀመሪያ እንኳን ደስ አለሽ አለኝ! ሰው ሁሉ የወደደው ያንቺን ነው አለኝ። ያ ገጽ የኔ አይደለም ስለው ድምፁን ዝቅ አደረገ። ገጹ እንዲያ ካልተስተካከለ መጽሐፉ በሙሉ ሳንሱር አያልፍም ተባለ። ምን ላድርግ? ዘጠኙ ባንቺ ምክንያት ይቅር? አለኝ።

ማን ሳለው አልኩ።

ማተሚያ ቤት ያለ አንድ ልጅ። ጎበዝ ልጅ ነው።

ስሙን አልነገረኝም። ኋላ ደግሞ፣ አንባቢ ወዶታል እኮ፣ አለኝ። ልክ ይሄ ነገሩን የሚጨርሰው ይመስል። ስልኩን ጆሮው ላይ ዘጋሁት።

አሥር እጅ አሉ። አሥራ አንድ ነው። አሥራ አንደኛው ስም የለውም፣ ከሁሉ ግን እሱ ተወደደ።

አስበዋለሁ፣ ዘጠኙ ይቅር ወይ ያለውን። የባለጋሪውን ታሪክ የሠራው ልጅ ስንት ጊዜ እንደደከመበት አውቃለሁ። አርታኢው ክፉ ሰው አይደለም። ይህም ያናድደኛል። ክፉ ቢሆን ይቀለኝ ነበር።

ሐሙስ፣ ኅዳር 20

እትዬ ቢፍቱ አውቃለች።

መናኸሪያ አንድ የዝዋይ መንገደኛ መጽሐፉን ይዞ፣ ሥዕሉንና እሷን እያስተያየ፣ ጮክ ብሎ አነበበላት። ጀግና እናት ብሎ እጇን ጨበጣት። ፓፓያዋን ትታ ወደ ቤት መጣች።

የባሰው ቦኖው ላይ ነው። የሰፈሩ ሴቶች ውሃ ሊቀዱ ተሰልፈዋል። የወ/ሮ አስካለ ልጅም በአፈሳ ነው የሄደው፤ እስካሁን ወሬ የለም። እትዬ ቢፍቱ ስትመጣ ወ/ሮ አስካለ ጀሪካኗን ከአጠገቧ አነሳች። ከዚያ ለሌሎቹ፣ እሷ እየሰማች፣ «ሌላም ቢኖራት ትሰጣለች አሉ፤ ለዚህ ነው እንግዲህ የኛንም ልጆች ያስለቀመችው» አለች። ማንም አልሳቀም።

ይሄን ሁሉ የሰማሁት ከታናሽ እህቴ ነው። ሮጥኩ። በሩን እስከ ግማሽ ከፈተችልኝ። ሁልጊዜ «ነጋያ፣ ሩትኮ» እያለች በኦሮምኛ ሰላም የምትለኝ ሴት።

«ማሊፍ?» አለች። «ለምን፣ ሩት? ምን አደረግኩሽ?»

ላስረዳት ስጀምር በሩ ተዘጋ። አላላተመችውም። ቀስ አድርጋ ነው የዘጋችው።

ሰው ልሰድብ እፈልጋለሁ። ማንን እንደምሰድብ አላውቅም።

ቅዳሜ፣ ኅዳር 22

የቀበሌው አዳራሽ። «የአንባቢያን አስተያየት በአሥር እጅ ላይ»። የመራው ጓ. ታፈሰ፣ የቀበሌው ካድሬ።

አስተያየት ሰማሁ፣ ደብተሬ፣ ጠገብኩ። አንድ ተማሪ፦ አዞው እውነተኛ አይደለም፣ ቆቃ ተወልጄ አውቃለሁ። ጡረታ የወጡ የባቡር ሠራተኛ፦ ሰዎቹ ሁሉ ቀጫጮች ናቸው፣ ቀለም ነው ወይስ እህል ያነሰው? አዳራሹ ሳቀ፤ ጓ. ታፈሰ አልሳቀም። አንዲት ነርስ፦ የላንጋኖዋ ልጅ ፀጉሯ በየገጹ ይለዋወጣል። እንዲህ እንዲህ። ደስ ይል ነበር እኮ! ሰው ሥዕል አይቶ ሲከራከር ከማየት የበለጠ ምን አለ? ለዚህ አይደል የሳልኩት?

ከዚያ የኔ ተራ። ተነሡ፣ አመሰገኑ፣ አጨበጨቡ። ያንን ገጽ። ያንን ብቻ። የሒሳቡ መምህር ሳይቀር። ጋቢ ይዛ የምትሮጥባቸውን ገጾች፣ ስንት ወር የለፋሁባቸውን፣ አንድ ሰው አላነሳም።

ጓ. ታፈሰ የሥዕሉ ሐሳብ እንዴት እንደመጣልኝ ጠየቀኝ። ተነሣሁ። አባባ ጠዋት ከቤት ስወጣ ያዩኝ አስተያየት መጣብኝ። አመሰግናለሁ ብዬ ተቀመጥኩ።

አመሰግናለሁ!

ምላሴን ነክሼ ቢሆን ይሻል ነበር።

በሚቀጥለው ቅዳሜ ሰፋ ያለ ውይይት አለ፤ ከሞጆና ከዝዋይም እንግዶች ይመጣሉ። ለኔ ሽልማት። «እናትየዋም ትጋበዝ» አለ ጓ. ታፈሰ። መጋበዝ ማለት ምን ማለት እንደሆነ እናውቃለን።

እሑድ፣ ኅዳር 23

የጸሎት ቤታችን ከታሸገ ጀምሮ ወንድሞችና እህቶች እኛ ቤት ይመጣሉ። አንድ አንድ እያሉ። መጋረጃው ይዘጋል፤ መዝሙር በሹክሹክታ። ዛሬ ጌታን ማመስገን አቃተኝ። ጥርሴን ነክሼ ነው የዘመርኩት።

ሰው ሲበተን ከአባባ ጋር ተጣላን። ሁሉንም ነገርኳቸው፤ ቅዳሜ እናገራለሁ አልኩ። አባባ ዕድሜያቸውን ሁሉ ክሊኒክ ቁስል ሲያጥቡ የኖሩ ሰው ናቸው፤ ድምፅ ከፍ አድርገው አያውቁም።

«ዝም አይነቅዝም፣ ልጄ» አሉኝ።

«የእትዬ ቢፍቱ ነቅዟል፣ አባባ።»

«የጴንጤ ልጅ እንደሆንሽ ያውቃሉ። አንቺን ሲፈልጉ እዚህ ነው የሚመጡት። እዚህ ቤት የሚጸልየው አንቺ ብቻ ነሽ?»

እውነታቸውን ነው። እውነታቸውን ስለሆነ በሩን አላትሜ ወጣሁ። ከዚያ የት እንደምሄድ ጠፋኝ። እስከ ፖስታ ቤቱ ሄጄ ተመለስኩ፣ አቧራ ለብሼ።

ማክሰኞ፣ ኅዳር 25

የእርሳስ ንድፌን ከመሳቢያ አውጥቼ እትዬ ቢፍቱ ጋ ሄድኩ። በሩን ሳትከፍት በመስኮት አሳየኋት። ጋቢው አለ። አፉ ዝግ ነው። ብዙ አየችው። ከፈተችልኝ።

ሁሉንም ተናገርኩ፦ አርታኢው፣ ዘጠኙ፣ ማተሚያ ቤት ያለው ልጅ። ፓፓያ እየመረጠች ሰማችኝ፤ የበሰለውን ወዲህ፣ ጥሬውን ወዲያ። ይቅርታ ስላት እጇን አወናጨፈች።

«ለኔ ምን ትነግሪኛለሽ? እኔ አፌን አውቀዋለሁ። ለነሱ ንገሪ።»

ከዚያ ቅዳሜ እንደተጠራች ነገረችኝ። ሁለት ሰው መጥቶ ነው የጠራት። ትመጫለሽ ወይ አልኳት። የት እሄዳለሁ አለች።

ብትጮህብኝ ይሻለኝ ነበር። አልጮኸችም። ስወጣ ግን አንድ ፓፓያ አስያዘችኝ።

ሐሙስ፣ ኅዳር 27

ሰፊ ካርቶን ገዝቼ ገጹን እንደገና እየሳልኩ ነው። በትልቁ፣ ከኋላ የተቀመጠ ሰው እንዲያየው። ቻይና ቀለም። ተማሪዎቼ ለምን እንደተቆጣሁ አያውቁም፤ ዛሬ ጋሪ አልሳሉም፣ ድምፅም አላሰሙም።

ለማን ነው የምስለው? ከተነሣሁ አባባ አሉ፣ ወንድሞች አሉ። ካልተነሣሁ እትዬ ቢፍቱ አለች። ቀለሙን ደፋሁ። እንደ አዲስ ጀመርኩ።

አባባ ገቡ። ከኋላዬ ቆመው አዩት። ጋቢው ላይ ያለውን ጥለት በጣታቸው ተከተሉ፣ ሳይነኩት። ይቆጣሉ ብዬ ጠበቅሁ።

«እሑድ ሰው አይመጣም» አሉ። «ለሁሉም ነግሬያለሁ። ከዚህ ወዲያ ሌላ ቦታ ይሆናል፤ የት እንደሆነ አንቺም አትጠይቂኝ።»

ለምን አልኳቸው።

«የምትናገሪውን ተናገሪያ!» አሉ። ጮኸው። አባባ!

ቅዳሜ፣ ኅዳር 29

እንደሆነው ልጻፈው፣ ሳልረሳው።

አዳራሹ ጢም ብሏል። የሞጆ ሰው፣ የዝዋይ ሰው፣ የሰፈሩ ሴቶች በሙሉ፤ በቀበሌ ነው የተጠሩት። እትዬ ቢፍቱን ከፊት አስቀምጠዋታል። እንደገና አዞ፣ እንደገና ባለጋሪ፣ እንደገና ሳቅ። ከዚያ ስሜ ተጠራ፤ ሽልማት።

ካርቶኑን ይዤ መድረኩ ላይ ወጣሁ። ሽልማቱን አልተቀበልኩም።

አስተያየት ስጡ ተባልን አይደል፣ አልኩ። እኔም አንባቢ ነኝ፣ አስተያየት አለኝ። የመጨረሻውን ገጽ የሳለው ሰው አውራ ጣት በየት በኩል እንደሚበቅል አያውቅም። ሳቁ። ያ ሰው እኔ አይደለሁም። መሳቁ ቆመ። ይህቺ ሴት እንዲያ አላለችም፣ እኔም እንዲያ ብላለች አላልኩም። እኔ የሳልኩት ይሄ ነው። ካርቶኑን ዘረጋሁት።

ጓ. ታፈሰ ፊቱ ደም መሰለ። ፈገግታውን ግን አልጣለም። ሠዓሊዋ ደክሟታል፣ አለ፤ እናትየዋ ራሳቸው እዚህ አሉ፣ እሳቸው ይንገሩን፣ ብለዋል ወይስ አላሉም?

እትዬ ቢፍቱ ተነሣች። ነጠላዋን አስተካከለች። መድረኩ ላይ ወጥታ ካርቶኑ አጠገብ ቆመች፣ ፊቷን ወደ ሰው አዙራ። ዝም።

«ይናገሩ እንጂ፣ እናት!»

ዝም። ካርቶኑን የያዘው ክንዴ ዛለ። እሷ አልተነቃነቀችም። ሰው አንዴ ሥዕሉን አንዴ እሷን ያያል። ማሳል እንኳ ቆመ።

«ይናገሩ!»

ከኋላ አንዲት ሴት ተነሣች። ወ/ሮ አስካለ።

«መለሱልዎ እኮ፣ ጓድ» አለች።

ከዚያ ጓ. ታፈሰ ውይይቱ አብቅቷል አለ። ወንበር ተንኳኳ፣ ሰው ተገፋፋ። ወ/ሮ አስካለ እስከ መድረኩ መጥታ እትዬ ቢፍቱን ክንዷን ይዛ ወሰደቻት። ምን እንደተባባሉ አልሰማሁም፤ በኦሮምኛ ነበር፣ ሁለቱም በአንድ ጊዜ።

እኔን የቀበሌው ሰዎች በር ላይ ጠበቁኝ። ወረቀት ሰጡኝ። ሰኞ 3 ሰዓት ቀበሌ ይዘሽ ቅረቢ አሉኝ።

ሰኞ፣ ታኅሣሥ 1፣ ጠዋት

ወረቀቱ ጠረጴዛው ላይ ነው። ግለ ሂስ። መጀመሪያውን ራሳቸው ጽፈውልኛል፦ ገጹን የሳልኩት እኔው እንደሆንኩ፣ ቅዳሜ የተናገርኩት በግል ቅሬታ ተገፋፍቼ እንደሆነ። የቀረውን በራስሽ ቃል ሙዪ ብለዋል። ከሥሩ ፊርማ።

በስሜ ሌላ ውሸት፣ አሁን ደግሞ በኔው እጅ ሊያሠሩ!

ት/ቤት ትላንትና ሰው ልኳል፤ እስክትጠሪ አትምጪ። ስለዚህ የሰባተኛ «ለ» ደብተር እዚሁ ቀረ። ማን እንደሚመልስላቸው አላውቅም። ልቤን ያቃጠለው ይሄ ነው፣ ከሁሉ ይሄ።

እፈራለሁ። አልዋሽህም። ግን ንዴቱ ይበልጣል፣ ተመስገን።

ወስኛለሁ። አልቀድደውም፣ አልሰድብበትም፣ አልፈርምበትም። አንድ ቃል ሳልጨምር እንደሰጡኝ እመልስላቸዋለሁ።

አባባ ኮታቸውን ለብሰው በር ላይ ቆመዋል። ብቻሽን አትሄጂም ይላሉ። ይቅርብዎ ብላቸው አይሰሙኝም። ጋሪ ጠርተዋል። አንተን፣ ደብተሬ፣ እዚህ ትቼህ አልሄድም፤ እህቴ የት እንደምታስቀምጥህ ታውቃለች። ጋሪው መጣ፤ ስመለስ…